ጉዶ በረት አጠገብ የተበጠሰው ቺንጋ

የአክስቴ ሕመም ጠንቷል የሚለው ስልክ ከደብረ ሲና የተደወለው በ2007 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ 76 ዓመቷ ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ አልተናገረችም። ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ነገ ካልወሰድከኝ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ስትል ማስፈራራቷ አይደለም፤ ያሰበችውን መናገሯ ነው። የታመመችው ታላቅ እህቷ ናት፤ በልጅነቷ አዝላ ያሳደገቻት።

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። እናቴ ከፊት፣ ባለቤቴና 17 ዓመት የሞላው ልጄ ከኋላ። መኪናችን ከሦስት ዓመት በፊት በእቁብ ገንዘብ የገዛናት ያገለገለች ኮሮላ ናት። የሸጠልኝ ሰው «ሁሉ ነገሯ ተቀይሯል፤ ዘይት ብቻ እየቀየርክ ንዳ» ብሎኝ ነበር። መቼ ተቀየረ፣ ምኑ ተቀየረ ብዬ አልጠየቅኩም። እኔም የምሰማው ድምፅ እስካልነበረ ድረስ ኮፈኑን የምከፍተው ውሃና ዘይት ለማየት ብቻ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ እናቴ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን። ሸኖ ላይ «ቅቤ» ትላለች፤ ባትገዛም ስሙን ሳትጠራ አታልፍም። ያን ቀን ግን ሸኖንም ዝም ብላ አለፈችው። ያኔ ነው የጭንቀቷ መጠን የገባኝ።

ደብረ ብርሃን የደረስነው 2 ሰዓት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጥር ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ጥላ ያለበት ሣር ላይ አመዳዩ ገና ነጭ እንደሆነ ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባትና መቀመጫቸው ያደረጓት ከተማ ናት፤ ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። ለእኛ ለቤተሰቡ ግን ደብረ ብርሃን ማለት ትኩስ ሻይና ብርድ ልብስ ነው። እናቴ ከአንድ ሱቅ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ገዛች። «እህቴ ይበርዳታል» አለች፤ ሌላ ነገር አልገዛችም።

ከደብረ ብርሃን ስትወጡ መንገዱ ሜዳማ ደጋ ላይ ይዘረጋል። በድንጋይ የተካቡ ቤቶች፣ የተቆለለ ኩበት፣ የገብስ ቃርሚያ፣ ፀጉሩ የጎፈረ በግ። ሰው ሁሉ ጋቢ ለብሶ ነው የሚታየው። ይህ ከፍታ ጉዶ በረትን አልፎ ጣርማበር ላይ ያበቃል። እዚያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ቆፍሮ ያሳለፈው ዋሻ አለ። ከዋሻው ማዶ ምድሩ እንደ ገደል ይወርድና ደብረ ሲና እግር ስር ትታያለች። እናቴ «ዋሻው ሲከፈት ነው የተወለድኩት» ትላለች። ልጄ በዕድሜዋ ለመቀለድ ሲፈልግ «አያቴና ዋሻው እኩያ ናቸው» ይላል።

ጉዶ በረት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ቀለል ያለ ዳገት እየወጣን፣ ሞተሩ ጠፋ። አልጮኸም፣ አላነከሰም፣ አልጨሰም። ሬዲዮ እንደሚዘጋ ጠፋ። የባትሪውና የዘይቱ ቀይ መብራቶች በሩ፤ መሪው እጄ ላይ ከበደኝ። እንደምንም ወደ ዳር አወጣኋትና ቆምን። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

ሁላችሁም የምታደርጉትን እኔም አደረግኩ፤ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ዞረ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ወትሮ እያማጠ ነው የሚያስነሳት። አሁን እህል እንደሌለበት ወፍጮ ቀለል ብሎ ፈጥኖ ዞረ። ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን «ቤንዚን አልደረሳትም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የአገራችን ሰው የቆመ መኪና ካየ እጁ አያርፍም። ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሁለት ገበሬዎች ከማሳቸው መጡ፤ እረኞች ሮጠው ደረሱ፤ ደብተር የያዙ ተማሪዎችም ቆሙ። «እንግፋላችሁ! ሁለተኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን ርገጥ፤ ስንልህ ልቀቀው!» አለኝ አንዱ። መኪና ገፍቶ ማስነሳት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሙያ ነው፤ ባትሪ የደከመበትን ስንቱን ታክሲ ገፍቻለሁ። አመስግኜ ገባሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ልጄም ወርዶ ከገፊዎቹ ጋር ተሰለፈ።

«ቆይ! እንዳትገፉ!» የሚል ድምፅ የመጣው ከመንገዱ ማዶ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አይሱዙ ቆሟል። ሾፌሩ በ60ዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው እየሮጡ መጡ፤ በዚያ ዕድሜ እንዲያ መሮጣቸው ራሱ አስደነገጠኝ።

«እንዴት ጠፋብህ?» አሉኝ።

«ድንገት ነው ጋሼ፤ እየሄደች።»

«አነከሰች? ወይስ ቀጥ?»

«ቀጥ።»

«ሞተሪኖ ስትመታ ቀለለህ አይደል? ፈጠነ?»

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቺንጋ ነው። የታይሚንግ ቺንጋ። ቁልፉን ከእንግዲህ አትንካው፤ ማርሹንም ዜሮ አድርገው።»

ረዳታቸው 10 ቁጥር ቁልፍ አመጣ። ከሞተሩ ጎን ያለውን የላይኛውን የፕላስቲክ ክዳን ፈቱ። ውስጡ ያየሁት ጥቁር ጎማ ጥርሱ እንደ አሮጌ ማበጠሪያ የረገፈ፣ ጫፉ ክር የተመዘዘ፣ ለሁለት የተበጠሰ ነበር። ክዳኑ አካባቢ ደግሞ ዘይት ወዝቶ ጠቁሯል። «ዘይት ሲጠጣ የከረመ ነው» አሉ። ልጄ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ የጆሮ ማዳመጫውን ያወለቀው ከአዲስ አበባ ከወጣን ያኔ ገና ነው።

ነገሩን ያስረዱን በእጃቸው ነው። የግራ መዳፋቸውን ከላይ፣ የቀኝ ጡጫቸውን ከታች አደረጉ። «ይሄ ጡጫ ፒስተን ነው፤ ይወጣል ይወርዳል። ይሄ መዳፍ ቫልቭ ነው፤ ይከፈታል ይዘጋል። ጡጫው ሲወጣ መዳፉ ገለል ማለት አለበት። ሁለቱን የሚያስማማቸው ይህች ጎማ ናት።» ከታች ያለው ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ከላይ ያለው ካም ሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቺንጋው ጥርስ ያለው በዚህ ቁጥር ላይ አንዲት ነጥብ እንዳትዛነፍ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ የላይኛው ባለበት ይቆማል። አንዳንዱ ቫልቭ እንደተከፈተ ይቀራል። የታችኛው ግን መኪናው እስኪቆም መዞሩን አይተውም። ጡጫቸውን ወደ ላይ ልከው መዳፋቸውን መቱት፤ ድምፁ ጠፍ አለ። «እንዲህ ከሆነ ቫልቩ ይጣመማል። ሲብስ ፒስተኑ ይበሳል፣ ቴስታታው ይሰበራል።»

«ስለዚህ ሞተሩ ሞቷል?» አልኩ።

«እሱን እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። አንዳንዱ ሞተር ሲሠራ በጡጫውና በመዳፉ መሃል ቦታ ይተውለታል፤ ቢበጠስም አይነካካም። አንዳንዱ አይተውለትም፤ ናፍጣ ደግሞ አይምርም። የሆነው ሆኗል። ብትገፋው ግን ያልሆነውን ትጨምርበት ነበር።»

ገበሬዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቅ ብሎ «እኛማ ልናግዝ ነው ልንቀብር የነበረው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ወዴት የሚለው ነው። ደብረ ሲና ከፊታችን፣ ደብረ ብርሃን ከኋላችን። እናቴ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከመኪናው ወረደች። «ደብረ ሲና እኮ እዚሁ ነው። ቁልቁለት አይደል?» አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ጣርማበር ድረስ አንድ መኪና ቢስበን፣ ከዋሻው ማዶ በዜሮ እየለቀቅኳት መውረድ።

ሾፌሩ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም አብሮ ይደክማል» አሉ። የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልልን ሞተሩ ራሱ የሚፈጥረው የአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም እንዲሁ ይከብዳል። ያንን የመሰለ ጠመዝማዛ በዚያ ሁኔታ መውረድ መኪናን ለማዳን ሰውን መስጠት ነው። «እናቴ፣» አሏት በአክብሮት ጎንበስ ብለው፣ «እርስዎ ይውረዱ፤ መኪናው ይመለስ።»

ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሚኒባስ አስቆሙልን፤ ሾፌሩን ያውቁታል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ቦታ ነበረው። ባለቤቴን አየኋት፤ እሷ ደግሞ ልጃችንን አየች። «አንተ ሂድ ከአያትህ ጋር» አለችው። ልጄ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ብርድ ልብሱን ተቀበላት፣ ክንዷን ይዞ አሳፈራት። በሩ ሲዘጋ እናቴ በመስኮቱ በኩል «መኪናውን አትቆጣ» አለችኝ። እስከ ዛሬ መኪናውን ለምን እንዳለች አላውቅም፤ የተቆጣሁት ራሴን ነበር።

በገመድ ተጎትታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከመንዳት በላይ ያደክማል። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ በግማሽ ዞሮ፣ ሞተሪኖ ግን እንዳይነካ። አደጋ መጠቆሚያ መብራቱ በርቶ። ገመዱ እንዳይላላም እንዳይበጠስም ዓይንን ከፊት መኪናው ፍሬን መብራት ላይ ሳይነቅሉ። ባለቤቴ አይሱዙው ላይ ከሾፌሩ ጋር ተሳፍራ በኋላ መስታወት ታየኛለች። ሽንኩርታቸው ገበያ እየጠበቀው፣ ሰውዬው እንደ ሠርግ መኪና ቀስ እያሉ ደብረ ብርሃን አደረሱን።

ገንዘብ ስሰጣቸው አልተቀበሉም። ረዳታቸው ብቻ ለሻይ ተቀበለ። አብረን ምሳ እንብላ አልን፤ ዕለቱ ረቡዕ ነውና ሽሮ በላን። ሲነሱ ከቀበቶአቸው በላይ ያለውን ሹራብ እያስተካከሉ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። «መካኒኩ ሳይከፍት ‹ሞቷል› ካለህ አትስማው።»

መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ እንዲያው ነው ያለን። ሰውዬው የተበጠሰውን ቺንጋ ብቻ አይቶ «ቫልቮቹ በሙሉ ተጣመዋል፤ ቴስታታ ይወረዳል፣ ምናልባት ሌላ ሞተር ነው የሚሻልህ» አለ። የጠራው ዋጋ የሁለት ወር ደመወዜን ይበልጣል። ያ ገንዘብ ለልጄ የ12ኛ ክፍል ዓመት ያስቀመጥነው ነበር። ቀኑ እየመሸ፣ ብርዱ እየመጣ፣ እናቴ ያለችበትን ሳላውቅ፣ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ያስቆመችኝ ባለቤቴ ናት። «ሐኪም እንኳ ሳይመረምር አይቀድም» አለች። «ዛሬ እንደር።»

ያን ሌሊት ብርዱ እንቅልፍ አልሰጠኝም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ነው። ያለ ገንዘብ ጥያቄ እሱ ራሱ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ይመስለኛል። «ደርሰናል አባዬ። እማማ አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀምጣለች። አውቃታለች። ስሟን ጠራቻት።» ትንሽ ዝም አለና «ብርድ ልብሱን አልብሻቸዋለሁ፤ ሁለቱንም» አለ። ስልኩን ለባለቤቴ ሰጥቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ጠዋት ሌላ መካኒክ ጋ ሄድን። 30 ዓመት የማይሞላው፣ እጁን በላስቲክ ኩባያ ሳሙና የሚታጠብ ቁጥብ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ አስነስተው ሞከሩ?» አለኝ መጀመሪያ። አንድ ጊዜ አልኩት። «ተገፍታለች?» ልትገፋ ስትል ተከለከለች አልኩት። «ጥሩ» አለ። የሞተሩን ዓይነት አየ፤ «4ኤ» ነው፣ 1.6። «ይሄ ሞተር ብዙ ጊዜ ቦታ ይተዋል። ግን በብዙ ጊዜ አልሠራም፤ እናያለን።»

ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ አስቀድሞ ነገረን። መጀመሪያ አዲስ ቺንጋ ይታሰራል፤ ዋጋው ቴስታታ ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። ምልክቶቹ ከላይና ከታች ይገጠማሉ። ከዚያ ሞተሪኖ ሳይነካ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ቀስ ብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። የሚነካካ ነገር ካለ እጅ ላይ ይታወቃል፤ ያኔ ይቆማል፣ አይገደድም። ካለፈ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካል። የተጣመመ ቫልቭ በደንብ አይዘጋምና ግፊቱ ይወርዳል። አራቱም ከተቀራረቡ መኪናው ይነሳል። አንዱ ከወረደ ያኔ ቴስታታው ይከፈታል። «ገንዘብዎን ከታች ወደ ላይ ነው የምናወጣው» አለኝ።

ለዚያ ሞተር የሚሆን ጥሩ ቺንጋ ደብረ ብርሃን ላይ አላገኘንም። ወንድሜ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ገዛና ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠልን። ከእሱ ጋር ቺንጋውን የሚወጥረውን ሮለርና ዘይት ያወዛ የነበረውን የዘይት ማገጃ ጎማም ልኳል፤ መካኒኩ በስልክ አዝዞት ነበር። «አሮጌ ሮለር ላይ አዲስ ቺንጋ ማሰር ለነገ ሌላ ጉዶ በረት ማዘጋጀት ነው» አለ። ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ሳይዘጋም አዲሱ ጎማ እንደ አሮጌው ይበሰብሳል።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ታሰረ። መካኒኩ ረጅም እጀታ ያለውን ቁልፍ ከታች አስገባ። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ቀስ ብሎ ሳበው። ሲጠብቅ ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይስባል። ሞተር ሲዞር ግፊቱ የተነሳ የሚከብድበት ቦታ አለ፤ ያ ጤናማ ነው፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ የሚቆመው ግን ሌላ ነው፤ ልዩነቱን እጁ ያውቃል። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ካንዴላዎቹን መፍታት ጀመረ። መለኪያውን አንድ በአንድ ገጠመ። አራቱም ቁጥሮች ተቀራርበው ነበር።

«ያስነሱ» አለኝ።

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው የድሮውን ምጥ አማጠ፤ ከዚያ ተነሳች። ባለቤቴ «ተመስገን» አለች። መካኒኩ ግን ኮፈኑ ስር ጎንበስ ብሎ ብዙ ደቂቃ አዳመጠ። ከዚያ አንድ ወረቀት ቆርጦ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጽፎ በማጣበቂያ ኮፈኑ ስር ለጠፈው። «እድለኛ ነዎት ጋሼ» አለ። «ናፍጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።» ያስከፈለኝ የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠራው አንድ አሥረኛ አይሞላም። እሱም ዋጋውን በወረቀት ጻፈልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጣርማበርን አለፍን። ከዋሻው በፊት ልጆች የበግ ፀጉር ኮፍያ ይዘው ሮጡ፤ ለልጄ አንድ ገዛሁ። ዋሻው ጨለማና እርጥብ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ መብራት አብርታችሁ ትሄዳላችሁ። ወደ ብርሃን ስትወጡ ምድሩ ከእግራችሁ ስር ይከፈታል። ያንን ጠመዝማዛ በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተር ታግዤ፣ ፍሬኔን በየመሃሉ እያሳረፍኩ ስወርድ፣ ከሁለት ቀን በፊት በዜሮ ልወርደው አስቤ እንደነበር ለባለቤቴ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ።»

አክስቴ አልጋ ላይ ናት፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቧል። እናቴ አጠገቧ፣ ልጄ ደግሞ በርጩማ ላይ ሆኖ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣታል። ስንገባ አክስቴ ዓይኗን ገለጠች። የመንገዱን ታሪክ ልጄ ነግሯታል። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«ያ ሾፌር በላ?» አለችኝ።

«በላ እትዬ።»

«ምን?»

«ሽሮ። ረቡዕ ነበር።»

ጥቂት አሰበች። «እንኳን ሳይበላ አልሄደ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አክስቴ ያረፈችው ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። እናቴ እስከ መጨረሻው ከአጠገቧ አልተለየችም። ብርድ ልብሱ ዛሬ የእናቴ አልጋ ላይ አለ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት አለፈ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያገለገለ መኪና ለገዛችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ ሊገዙ ላሉ ወላጆች ነው። መኪናው ቺንጋ ነው ወይስ ካቴና ያለው ብላችሁ ጠይቁ። ቺንጋ ከሆነ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ብዙዎቹ 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራሉ፤ የመኪናችሁን ግን ከራሱ መመሪያ እዩ፤ ዘይትና ዕድሜ ከዚያ በፊት ሊጨርሱት ይችላሉና። ሞተሩ እየሄደ ድንገት ከጠፋና ሞተሪኖው ቀልሎ ከዞረ ደግማችሁ አትሞክሩ፤ ሊገፉላችሁ የመጡትን አመስግናችሁ መልሱ፤ ቁልቁለት በዜሮ አትውረዱ። «ሞተሩ ሞቷል» የሚላችሁን በምን እንዳወቀ ጠይቁት።

ልጄ ባለፈው ዓመት የራሱን መኪና ገዛ። ሊገዛ ሲሄድ ከሻጩ ቤት ደወለልኝና «አባዬ፣ ካቴና ነው። ቢሆንም የዘይቱን ወረቀት ጠይቄያለሁ» አለኝ። እሱ አሁን የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አባት ነው።

እናቴ 86 ዓመቷ ነው። ሩቅ መንገድ መሄድ ትታለች፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምወስዳት፤ አሥር ደቂቃ አይሞላም። በሩን ከፍቼላት እግሯን ከማስገባቷ በፊት ሁልጊዜ ቆም ትላለች።

«ቺንጋውን አይተኸዋል?» ትለኛለች።

አይቼዋለሁ እላታለሁ። ከዚያ ትገባለች።